በመርከቡ ሐኪም ፈለግ፦ ከሲያትል እስከ ዲስከቨሪ ቤይና ዊድቢ ደሴት

ዓርብ፣ ከሲያትል በብሬመርተን በኩል

የብሬመርተኑ ፌሪ ከሲያትል ተነስቶ ግማሽ መንገድ ሲደርስ በስተቀኝ ዝቅ ያለ የመሬት ጫፍ ይታያል። ሬስቶሬሽን ፖይንት ይባላል። የቤይንብሪጅ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ነው። በዚህ ፌሪ ለሥራ የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ወደዚያ ቀና ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በሜይ 1792 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዲስከቨሪ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ከዚህ ጫፍ አጠገብ መልሕቋን ጥላ ነበር። በባሕሩ ዳር መንደር ነበር። የመንደሩ ሰዎች ለምግብ የሚሆን ሥር ሲቆፍሩ እንግሊዞቹ አይተዋል። ከተማችን ሲያትል የተሰየመችበት አለቃ ያኔ ገና ልጅ ነበር። መርከቧን በዓይኑ እንዳየ ይነገራል።

ጓደኛዬ ነርስ ናት። የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ በቀጥታ ወደ ወደቡ ነው የመጣችው። ቡናዋን በሁለት እጇ ይዛ "እና ሰውዬህ ማን ነው?" አለችኝ።

ሰውዬው አርቺባልድ ሜንዚስ ነው። የባሕር ኃይል ቀዶ ሐኪምና ዕፅ ሰብሳቢ። በ1754 በስኮትላንድ፣ ፐርዝሺር ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ በአካባቢው ባላባት ግቢ፣ በካስል ሜንዚስ፣ አትክልት ይንከባከብ ነበር። ከዚያ ወደ ኤድንብራ የዕፀዋት ማዕከል ሄደ። እዚያ ጆን ሆፕ የሚባሉ የዕፀዋት ፕሮፌሰር ነበሩ። ሕክምና እንዲማር ያበረታቱት እሳቸው ናቸው። ነገሩ ከዛሬው ዓይን ይራራቃል እንጂ ለዚያ ዘመን አንድ ነበር። መድኃኒቱ ከቅጠልና ከሥር ስለሚመጣ ሐኪም ዕፅ ማወቅ ነበረበት።

ትምህርቱን ይዞ ባሕር ኃይል ገባ። በ1782 እንግሊዝና ፈረንሳይ ካሪቢያን ላይ የሴንትስን ጦርነት ሲዋጉ በረዳት ሐኪምነት ነበረበት። ከ1786 እስከ 1789 ደግሞ በፀጉራም የአውሬ ቆዳ ነጋዴዎች መርከብ ተቀጥሮ እስከዚህ ባሕር ዳርቻ፣ እስከ ሃዋይ፣ እስከ ቻይና ዞረ። ሲመለስ ሰር ጆሴፍ ባንክስ ያዙት። ባንክስ ያኔ በእንግሊዝ የዕፀዋት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበር። እኛንም ይነኩናል፤ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ የኛን ኮሶ የሰየመው በባንክስ ስም ነው። እንግዲህ እሳቸው ሜንዚስን በካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር መርከብ፣ በዲስከቨሪ ላይ፣ ዕፅ እንዲሰበስብ አስመደቡት። መርከቧ ከፋልመዝ የተነሳችው ኤፕሪል 1 ቀን 1791 ነው። የተመለሰችው ከአራት ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

ከብሬመርተን በመኪና ወደ ሰሜን ነዳን። የሁድ ካናልን ድልድይ ተሻግረን ሲመሽ ዲስከቨሪ ቤይ ገባን። ጓደኛዬ መንገዱን በሙሉ ተኝታ ነው የመጣችው። ይገባታል።

ቅዳሜ፣ ዲስከቨሪ ቤይ

ጠዋት ዝናቡ አቁሟል። ባሕረ ሰላጤው ጠባብና ረጅም ነው። ከሁለቱም ወገን ደን የለበሰ ኮረብታ ይዞታል። አፉ ላይ ፕሮቴክሽን የሚባል ደሴት ተጋርዶበት ከውጭ የሚመጣውን ማዕበል ይሰብርለታል። ስሙንም ያወጣው ቫንኩቨር ነው። ዛሬ ደሴቱ የባሕር ወፎች መጠበቂያ ስለሆነ ሰው አይወርድበትም። እኛም ከሩቁ አይተነው ወደ ዳርቻው ወረድን።

ዲስከቨሪ እዚህ የገባችው ሜይ 2 ቀን 1792 ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየች። መርከበኞቹ ሸራ ጠገኑ፣ ባሩድ አደረቁ፣ ውኃ ቀዱ። ሜንዚስ ደግሞ ወደ ደኑ ገባ።

ደኑ ዳር የመጀመሪያዋን ማድሮና አገኘናት። ሳይንሳዊ ስሟ አርቡተስ ሜንዚሲ ነው፤ በሐኪሙ ስም ማለት ነው። ሰውዬው እዚሁ ባሕር ዳር አይቶ ጽፎላታል። ከገደሉ ጫፍ ወደ ውኃው አዘንብላ ቆማለች። ቅርፊቷ ቀይ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ወደ ብርቱካን ያደላል። እንደ ቀጭን ወረቀት ተልጦ ይጠቀለላል። በጣቴ አንዱን ጥቅልል ሳነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት ለስላሳ፣ ብጫ ያለበት አረንጓዴ ነው። ጓደኛዬ መዳፏን ለጥፋ "ይቀዘቅዛል እኮ!" አለች። እውነቷን ነው። በአየሩ ሙቀት ላይ እጅ ሲያርፍበት ግንዱ ይቀዘቅዛል።

አበባዋ ተንጠልጥሏል። ነጭ፣ ጥቃቅን፣ አፉ ጠበብ ያለ ደወል። ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው ይህን አበባ ያውቀዋል። የአስታ አበባ ነው! ዘመድነታቸው የእውነት ነው። አስታና ማድሮና በአንድ የዕፀዋት ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። አንዷ ሳንቃበርና ግጭ አካባቢ በብርድ ላይ ትቆማለች፣ ሌላዋ እዚህ ከጨዋማ ውኃ አፋፍ ላይ። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልፈልግም። ስደት ላይ ያለ ሰው በእንግዳ ደን ውስጥ የአገሩን ዛፍ ዘመድ ሲያገኝ ልቡ ይሞላል።

ከፍ ብለን ደግሞ ሮዶደንድሮን የሚባለውን ቁጥቋጦ አገኘን። እሱም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ዳግላስ ፈር የሚባሉ ረጃጅም ጥድ መሰል ዛፎች ሥር፣ ግማሽ ጥላ ውስጥ፣ ሮዝ አበባውን በእቅፍ በእቅፍ ይዞ ቆሟል። ሜንዚስ የመጣውም በዚህ ወቅት ስለነበር ሲያብብ ነው ያገኘው። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1892፣ የዋሽንግተን ግዛት ሴቶች ድምፅ ሰጥተው የግዛቱ አበባ አድርገው መረጡት። ሴቶች ለመንግሥት ምርጫ ድምፅ መስጠት በማይችሉበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳርቻውን ይዘን ስንሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አየን። ከዚህ ባሕር ዛጎል ለቅማችሁ እንዳትበሉ ይላል። ጓደኛዬ ቆማ ሙሉውን አነበበችው። የቫንኩቨር ጉዞም ይህን መርዝ በሰው ሕይወት ነው የተማረው። ሰኔ 1793 ላይ፣ ከዚህ ወደ ሰሜን ርቆ ዛሬ ካናዳ በሚባለው ዳርቻ፣ መርከበኞች ለቁርስ መስል የሚባለውን ዛጎል ጠብሰው በሉ። ፊታቸውና እጅ እግራቸው ደነዘዘ። ጆን ካርተር የሚባለው ሞተ። ቫንኩቨር ቦታውን መርዝ ያለበት ወሽመጥ ብሎ ሰየመው፣ የተቀበረበትን ደግሞ በካርተር ስም ጠራው። "ሳክሲቶክሲን ነው" አለች ጓደኛዬ። "ነርቭን ነው የሚዘጋው። ቢቀቀልም አይጠፋም። ዛሬም ማርከሻ የለውም፤ ትንፋሹን በማሽን ይዘህ መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ መጠበቅ ነው።" ያኔ ማሽን አልነበረም።

ስለዚህ ቦታ ስናወራ ግን ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። እንግሊዞቹ በዚሁ ባሕር ዳር የተተዉ መንደሮችና የተበታተነ የሰው አጥንት አገኙ። በየመንገዳቸው ያገኟቸው ሰዎች ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበር። በሽታው ከመርከቧ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አንዳንዱ ጽሑፍ ሜንዚስ የገባበትን ደን ማንም ያልረገጠው አስመስሎ ያወራል። አልነበረም። የስክላላም ሕዝብ አገር ነው። ማድሮናውንም ሮዶደንድሮኑንም በስማቸው የሚጠሩ፣ ለምን እንደሚሆኑ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ ሐኪም በማይመልሰው ወረርሽኝ አልቀው ነው ደኑ ጭር ያለው።

ማታ እሳት አንድደን ተቀመጥን። የመርከበኞቹን ቢራ ነገር ያነሳሁት ያኔ ነው። እዚህ ስፕሩስ የሚባለውን ጥድ መሰል ዛፍ ለጋ ቅጠል ቀቅለው፣ ማር መሰል የስኳር አተላ ጨምረው ቢራ ይጠምቁ ነበር። እኛ ጠላ ላይ ጌሾ እንደምንጨምረው ማለት ነው። የፈለጉት ስከርቪን ለመከላከል ነው። ድድ የሚያደማ፣ ጥርስ የሚያረግፍ፣ የዳነ ቁስል መልሶ የሚከፍት በሽታ። ከየትኛው ዛፍ ቅጠል እንደሚቀነጠስ ለመለየት ከሜንዚስ የተሻለ ሰው መርከቡ ላይ አልነበረም።

እሑድ፣ ፖርት ታውንሰንድና ዊድቢ

ፖርት ታውንሰንድ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሮዶደንድሮን ፌስቲቫል የምታዘጋጅ ከተማ ናት። አሮጌ የጡብ ሕንፃዎቿ ያምራሉ። ብዙ አልቆየንበትም። ቁርስ በልተን ወደ ዊድቢ የሚሻገረውን ፌሪ ያዝን።

ፌሪው ላይ ጓደኛዬ ስለ ስከርቪው ጠየቀችኝ። "ቢራው ሠራ?" አለች። አጭሩ መልስ፣ ቢራው ብቻውን አልነበረም። በየደረሱበት ትኩስ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣ ይበሉ ነበር። ሜንዚስም መጀመሪያ ዕፅ ሰብሳቢ ብቻ ነበር። የመርከቡ ሐኪም ክራንስተን በጠና ታሞ ስለነበር በሴፕቴምበር 1792 ሥራው በሙሉ ሜንዚስ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሕመምተኛ ያያል፣ ከዚያ ጀልባ ይዞ ዕፅ ይለቅማል፣ ማታ ቅጠሉን በወረቀት መሐል ያደርቃል፣ ማስታወሻውን ይጽፋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ በመርከቧ ላይ በበሽታ የሞተው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ ግማሽ ሰው ሊጨርስ ይችል ነበር። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው፤ ከዛፎቹም ይበልጣል።

ስከርቪው የመጣው በመጨረሻ ነው። በ1795 ወደ ቺሊ ሲቀዝፉ ሰዎቹ መታመም ጀመሩ። ምርመራ ተደረገ። ወጥ ቤቱ ከተከለከለው ውጪ፣ ጨው ሥጋ ሲቀቀል የሚንሳፈፈውን ስብ እየገፈፈ ከአተር ጋር ሲያድላቸው ከርሟል። ቫንኩቨር ጥፋቱን በስቡ ላይ ጣለው። ጓደኛዬ ራሷን ነቀነቀች። "ስቡ ሳይሆን ቫይታሚን ሲ ነው። ባሕር ላይ ምን ያህል ቆዩ?" አለች። ወራት ነው የቆዩት። ቫይታሚን ሲ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1930ዎቹ ነው። የሆነ ሆኖ ቫልፓራይሶ ደርሰው ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ሲያገኙ ዳኑ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ በመደበኛነት ማደል የጀመረውም በዚያው በ1795 ነው።

ዊድቢ ላይ ወርደን እስከ ደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ እስከ ዲሴፕሽን ፓስ ነዳን። ከድልድዩ ሥር ውኃው በሁለት ገደል መሐል እየተገላበጠ ያልፋል። ዊድቢን መጀመሪያ የየብስ ልሳን ነው ብለው ነበር። ይህ መተላለፊያ ሲገኝ ነው ደሴት መሆኑ የታወቀው። ካርታውን ዘርግተን ስናይ ነገሩ ግልጽ ነው። ዊድቢ የመርከቧ መኮንን ነው። ቤከር ተራራ በሌተናንት ቤከር ስም ነው። ፑጀት ሳውንድ በሌተናንት ፑጀት። ሬኒየር ተራራም በቫንኩቨር ወዳጅ አድሚራል ስም ነው። ሜንዚስ ከፑጀት ጋር በጀልባ የሳውንዱን ደቡብ ጫፍ ጫፉን አብሮ ቀዝፏል፤ በዚህ በእኛ ሰፈር ካርታ ላይ ግን ስሙን አላገኘሁትም። ደኑ ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ያለው ደን የትላልቅ ዳግላስ ፈሮች ነው። ግንዳቸው የተሰነጣጠቀ፣ ወፍራም፣ ግራጫ ቅርፊት አለው። ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው አለ። ከወደቁት ፍሬዎች አንዱን አነሳሁ። በየቅርፊቱ መሐል ሦስት ጫፍ ያላት ቀጭን ምላስ ብቅ ትላለች። ሌላ ጥድ መሰል ዛፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ልጅ እንኳ በዚህ ይለየዋል። ሳይንሳዊ ስሙ በሜንዚስ ነው፣ የወል ስሙ በዴቪድ ዳግላስ። ዳግላስ ከሜንዚስ በኋላ የመጣ ሌላ ስኮትላንዳዊ ዕፅ ሰብሳቢ ነው። ዘሩን ወደ እንግሊዝ የላከው እሱ ነው። ከመነሳቱ በፊት በ1824 ለንደን ውስጥ ሽማግሌው ሜንዚስ የሰበሰባቸውን ዕፀዋት አሳይቶታል፣ ምን የት እንደሚገኝ ነግሮታል። ሜንዚስ ያኔ 70 ዓመቱ ነበር።

በዚያ ላይ የሃዋይ ነገር አለ። ሜንዚስ በፌብሩዋሪ 1794 በንጉሥ ካሜሃሜሃ እርዳታ ማውና ሎዋ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ከፍታውን በተሸከመው ባሮሜትር ለካ። ውጤቱ ዛሬ ከሚታወቀው 4,169 ሜትር ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ቆይቶ በ1834 ዳግላስም እዚያው ወጣ። በዚያው ዓመት እዚያው ሃዋይ ላይ ሞተ፤ የዱር ከብት ማጥመጃ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ሽማግሌው ወጣቱን ቀበረው ማለት ነው።

ሰኞ፣ ፖዜሽን ሳውንድና ወደ ቤት

ከዊድቢ ደቡብ ጫፍ ክሊንተን ወደ ሙኪልቲዮ የሚሻገረው ፌሪ ፖዜሽን ሳውንድን ነው የሚያቋርጠው። ጁን 4 ቀን 1792፣ በንጉሡ ልደት፣ ቫንኩቨር እዚህ ወርዶ አገሩ የእንግሊዝ ነው ብሎ አወጀ። የቱላሊፕ ሕዝብ ዛሬም ከዚያው ከባሕሩ ማዶ ይኖራል። ባለቤት ያለውን መሬት ያኔ ማንም አልጠየቀም።

ቫንኩቨር ትልቅ ቀያሽ ነበር። የሠራው ካርታ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ከሜንዚስ ጋር ያደረገውን ሳስብ ግን ያንገበግበኛል። ባንክስ ከመነሻው መርከቧ የኋላ ሰገነት ላይ መስታወት የለበሰ የችግኝ ሳጥን አሠርተው ነበር። ቦታ ይይዛል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ ለካፒቴኑ ራስ ምታት ነው። ሜንዚስ አራት ዓመት ሙሉ ሕያው ችግኞችን እዚያ ውስጥ ሲያሳድግ ከረመ። ጉዞው ሊያልቅ ሲል፣ በጁላይ 1795፣ ሳጥኑን የሚጠብቀው ሰው ለመርከቡ ሥራ ተወሰደ። ሳጥኑ ክፍት ቀረ። ዶፍ ዝናብ ወርዶ ችግኞቹን አበላሻቸው። ሜንዚስ ሄዶ አቤት አለ። ቫንኩቨር ተዳፈረኝ ብሎ በቁም እስር አደረገው፣ በጦር ፍርድ ቤት ይጠየቅልኝ ብሎም ጻፈ። አገር ቤት ሲገቡ ሜንዚስ ይቅርታ ጠይቆ ክሱ ቀረ።

በመርከብ ላይ ትእዛዝ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ። ካፒቴኑም በዚያን ጊዜ ታሞ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ40 ዓመቱ ሞቷል። ያም ሆኖ ሜንዚስ ትክክል ነበር እላለሁ። የተላከበትን ሥራ ነው የጠበቀው። ጓደኛዬም በዚህ አልተከራከረችኝም። "ለታማሚው የሚከራከር ሐኪም ነው ጥሩ ሐኪም" ብላ ዝም አለች።

ሲያትል ከገባን በኋላ ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት በአንድ አሮጌ ሰፈር ዞርን። እዚያ ከአንድ ቤት ፊት ለፊት ትልቅ የዝንጀሮ እንቆቅልሽ የሚሉት ዛፍ አለ። አራውካሪያ ነው፣ የቺሊ ዛፍ። ቅርንጫፉን ከጫፍ እስከ ግንድ ጠንካራ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ቅጠል ሸፍኖታል። ጓደኛዬ ልትነካ ስትል "ተይ፣ ይወጋሻል!" አልኳት። ነካችው፤ ወጋት። እየሳቀች ጣቷን መጠጠች።

ይህም ዛፍ የሜንዚስ ነው። እንደሚተረከው በ1795 የቺሊው ገዥ አምብሮሲዮ ኦሂጊንስ ለመኮንኖቹ ግብዣ አደረጉ። ከምግብ በኋላ የማያውቁት ፍሬ ቀረበ። ሜንዚስ ከመብላት ይልቅ የተወሰነውን ኪሱ ከተተና መርከቧ ላይ ዘራው። ከዚያ ሁሉ ዝናብና ክስ አልፈው አምስት ችግኞች እንግሊዝ ደረሱ። አንዱ ኪው በሚባለው የንጉሥ የዕፀዋት ቦታ ተተክሎ እስከ 1892 ቆየ። ለፔዌንቼ ሕዝብ ግን ይህ ፍሬ ከጥንትም የዕለት ምግባቸው ነው። ዛሬ በአገሩ በቺሊና በአርጀንቲና ዛፉ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው መሐል ተመዝግቧል። ሲያትል ውስጥ በየግቢው ስናየው የበዛ ይመስለናል እንጂ ደኑ እያለቀ ነው።

ሜንዚስን ከባሕር ያስወጣው አስም ነው። በ1802 ባሕር ኃይሉን ለቆ ለንደን ላይ በሽተኛ ሲያይ ኖረ። በ1842 አረፈ። ካደረቃቸው ዕፀዋት ከፊሎቹ መጀመሪያ በተማረበት በኤድንብራ የዕፀዋት ማዕከል ይገኛሉ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ግንቦት አጋማሽ ይሻላል፤ ሮዶደንድሮኑም ማድሮናውም ያን ጊዜ አበባ ላይ ናቸው። የፖርት ታውንሰንዱን ፌሪ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ቦታ ቶሎ ይሞላል። ጃኬት አትርሱ። ከባሕሩ ዳር ዛጎል ከመልቀማችሁ በፊት ደግሞ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ።